የፖሊስ ዕጩ ጠባይ በማን ቃል ይታወቃል?
ከቂርቆስና ከካዛንቺስ ኑሮ አንጻር የቀረበ ማብራሪያ

ለፌዴራል ፖሊስ ሥራ የሚያመለክት ወጣት ወደ ማሠልጠኛው ከመግባቱ በፊት ማንነቱና የኋላ ታሪኩ ይጣራል። አሠራሩ በዓለም ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ አስፈላጊነቱን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም። መሣሪያ የሚታጠቅ፣ ሰውን ለመያዝና ቤትን ለመፈተሽ ሥልጣን የሚሰጠው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱ ሊታወቅ ይገባዋል። አስቸጋሪው ጥያቄ «ይጣራ ወይስ አይጣራ» የሚለው ሳይሆን፤ «የሰው ጠባይ በምን ይታወቃል? በማንስ ቃል ይመሰከራል?» የሚለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ጥናቱን በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፤ ይልቁንም በካዛንቺስ አንጻር ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ካዛንቺስ ሰው በጎረቤቱ ዘንድ በስም፣ በአባት ስምና በአመል ይታወቅበት የነበረ የቆየ ሠፈር ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን የሠፈሩ ብዙ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ተበትኗል። ስለዚህ በጎረቤት ቃል ላይ የተመሠረተ ማጣራት ጎረቤት በሌለ ጊዜ ምን እንደሚሆን ለመመልከት ከዚህ የተሻለ ሥፍራ አይገኝም።

1. የሚጠየቁት ነገሮች

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የፌዴራል ፖሊስን ማቋቋምና ማስተዳደር ለፌዴራሉ መንግሥት፤ በአንቀጽ 52 ደግሞ የክልል ፖሊስን ለክልሎች ሰጥቷል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 720 የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽንን ሥልጣንና ተግባር ዘርዝሯል። የፌዴራል ፖሊስ ዕጩዎቹን የሚመለምለው ከመላው አገር ስለ ሆነ፤ አጣሪው ከአመልካቹ ጋር በአንድ ሠፈር ያደገ ወይም ቤተ ሰቡን የሚያውቅ የመሆኑ ነገር አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነው።

በየጊዜው የሚወጡትን የምልመላ ማስታወቂያዎች ስንመለከት የሚጠየቁትን ነገሮች በ3 ክፍል ልንመድባቸው እንችላለን። አንደኛው ስለ አካል ሲሆን ዕድሜን፣ ቁመትንና ጤናን ይመለከታል። ሁለተኛው ስለ ትምህርት ነው። ሦስተኛው ስለ ሰውየው ራሱ ነው፤ ይኸውም ኢትዮጵያዊ መሆኑ፣ ከወንጀልና ከሱስ ነፃ መሆኑ፣ መልካም ጠባይ ያለውና ዋስ ሊያቀርብ የሚችል መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክፍሎች በሜትር፣ በሐኪምና በትምህርት ማስረጃ ይለካሉ። ሦስተኛው ግን መለኪያው እንዲህ ቀላል አይደለም።

ለዚህ ለሦስተኛው ክፍል የሚያገለግሉት መሣሪያዎች መታወቂያ፣ የጣት አሻራና የሰው ቃል ናቸው። መታወቂያ «ይህ ሰው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። አሻራ «ከዚህ ቀደም ተፈርዶበታልን?» ለሚለው ይመልሳል። የሰው ቃል ደግሞ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ለሚለው ነው። ጥያቄዎቹ እርስ በርስ የሚቀራረቡ ቢመስሉም አንዱ የሌላውን መልስ ሊሰጥ አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የምንዘረዝረውም የሦስቱ ጥያቄዎች መደባለቅ ምን ዓይነት ጉዳት እንደሚያመጣ ነው።

2. የጎረቤት ቃል ከየት መጣ?

በአገራችን የአንድን ሰው ጠባይ ከሚያውቁት ሰዎች አፍ መፈለግ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞ ዘመን ወንጀል ተሠርቶ አድራጊው ሳይታወቅ በቀረ ጊዜ፤ የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ ወንጀለኛውን እንዲያወጣ የሚደረግበት አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ሕዝቡ የሚፈለገውን ሰው እስኪያወጣ ድረስ ከስብሰባው እንዳይለይ ይደረግ ነበር፤ ሳያወጣ ቢቀርም ጉዳቱን በኅብረት እንዲከፍል የሚገደድበት ጊዜ ነበረ። የሥርዓቱ መሠረት ጎረቤት የጎረቤቱን ሥራ ሳያውቅ አይቀርም የሚል እምነት ነው።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የከተማውን ጸጥታ የሚጠብቀው የአራዳ ዘበኛ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 6 ዘመናዊው የፖሊስ ሠራዊት ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ ከተማው ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት በመጣ ሰው እየተሞላ ሄዷል። እንዲህ ባለ ከተማ ሁሉም ሁሉን ሊያውቅ ስለማይችል ከአፍ ቃል ይልቅ መዝገብ አስፈላጊ እየሆነ መጣ።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ካቋቋመ በኋላ የጎረቤት ቃልና መዝገብ በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ። ቀበሌው አነስተኛ ኪራይ ያላቸውን ቤቶች ያስተዳድራል፤ መታወቂያ ይሰጣል፤ ነዋሪው ሥራ ሲፈልግ ስለ እርሱ የሚመሰክር ደብዳቤ ይጽፋል። ይህ አሠራር ጥቅም ነበረው፤ ደብዳቤውን የሚፈርመው ሰው ባለ ጉዳዩን በመልኩ የሚያውቅ ነበርና። ነገር ግን ሌላም ገጽ አለው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌው መዝገብና የጎረቤቱ ጥቆማ ወጣቶችን ለእሥራትና ለሞት አሳልፎ የሰጠ መሣሪያ ሆነ። ስለዚህ የጎረቤት ቃል ያለ ሕግ ገደብ የተለቀቀ እንደ ሆነ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የአዲስ አበባ ሰው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤቱ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ አስተዳደሩ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። «ከፍተኛ» ይባል የነበረው ቀርቶ በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተማ መጣ፤ በኋላም ቀበሌው በወረዳ ተተካ። ሕዝቡ ግን ወረዳው የሚሰጠውን ወረቀት እስከ ዛሬ «የቀበሌ መታወቂያ» ይለዋል። በዚህ አጠራር ውስጥ ወረቀቱን የሚሰጠው ባለ ሥልጣን ያውቀኛል የሚል የቆየ አሳብ አለበት።

3. ጣት ምን ይናገራል?

የጣት አሻራ ሰውን ለይቶ ለማወቅ እንደሚያገለግል በሳይንስ መንገድ ካስረዱት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጎልተን ሲሆን፤ መጽሐፉን ያሳተመው በ1892 እ.ኤ.አ. ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. በካልካታ የአሻራ ቢሮ ተከፈተ። አሻራዎችን በመደብ ከፋፍሎ ለማስቀመጥ የሚያስችለውን ዘዴ በማውጣት አዚዙል ሐቅና ሄም ቻንድራ ቦዝ የተባሉት የሕንድ ተወላጆች ታላቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ዘዴው ግን የሚጠራው በአለቃቸው በኤድዋርድ ሄንሪ ስም ነው። የለንደን ፖሊስ በ1901 እ.ኤ.አ. የራሱን የአሻራ ክፍል አቋቋመ፤ በአሜሪካም የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ በ1924 እ.ኤ.አ. አሻራዎችን በአንድ ማዕከል ማከማቸት ጀመረ።

በአዲስ አበባ ለሥራ ወይም ለውጭ አገር ጉዞ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት የሚፈልግ ሰው አሻራውን ለፌዴራል ፖሊስ ይሰጣል። የኮሚሽኑ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ስለ ሆነ የቂርቆስ ልጅ ጉዳዩን ለመፈጸም ከሠፈሩ እምብዛም አይርቅም። አሻራው ከመዝገብ ጋር ይተያይና ውጤቱ በወረቀት ይሰጠዋል።

አሻራ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አድልዎ አያውቅም። ዘመድ ወይም ባላንጣ የለውም፤ በስም መመሳሰል ምክንያት አንዱን በሌላው አይለውጥም። ነገር ግን የሚናገረው በመዝገብ የተጻፈውን ብቻ ነው። ከዚህም 2 ነገር ይከተላል።

የመጀመሪያው፤ መዝገቡ ዝም ያለለት ሰው ሁሉ መልካም ሰው ነው ለማለት አይቻልም። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. በለንደን ሳራ ኤቨራርድ የተባለች ወጣት በሥራ ላይ ባለ የፖሊስ ባልደረባ ተጠልፋ ተገደለች። ጉዳዩን እንዲመረምር በሌዲ ኤሊሽ አንጆሊኒ መሪነት የተቋቋመው አጣሪ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ሰውየው ከመጀመሪያውም ፖሊስ ሊሆን የማይገባው እንደ ነበረና አስቀድሞ የታዩ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ችላ እንደ ተባሉ አስታወቀ። ይህ ሰው በአንድ ሳይሆን በተለያዩ የፖሊስ ድርጅቶች በር ያለፈ ነበር። በእርግጥም ጠባይ ከመዝገብ ውጭ ካልተጠየቀ ጉዳቱ የሚደርሰው በመንገድ ላይ በሚሄደው ሰው ነው።

ሁለተኛው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰው ተይዞ ወይም ተጠርጥሮ ነበር ማለት ወንጀለኛ ነው ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። በሠፈር ጠብ ከሌሎች 10 ልጆች ጋር ታፍሶ ጣቢያ አድሮ በማግሥቱ የተለቀቀ ወጣት በሕግ ዓይን ምንም ነገር የለበትም። አጣሪው ጥርጣሬን ከፍርድ ጋር በአንድ ዓምድ የጻፈ እንደ ሆነ ዳኛ ያልፈረደበትን ሰው ጸሐፊ ፈረደበት ማለት ነው።

4. ዋስ ምስክር አይደለም

ብዙ ሰው ዋስንና ምስክርን አንድ ያደርጋቸዋል። በጥንቱ ልማድ ሁለቱ በእርግጥ የተቀራረቡ ነበሩ፤ ለሰው ዋስ የሚሆነው የሚያውቀውና የሚያምነው ነበርና። የዛሬው ሕግ ግን ለይቷቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በግልጽ የሚሰጥ መሆን እንዳለበትና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተወሰነ ዋስትናው እንደማይጸና ይናገራል። እንግዲህ ዋስ የሚጠየቀው ስለ ገንዘብ ነው፤ ይኸውም ዕጩው ግዴታውን ቢያፈርስ ወይም የተረከበውን ንብረት ቢያጠፋ ለመክፈል ነው።

ከዚህ የተነሣ ዋስ የሚፈለገው ደመወዝ ወይም ንብረት ካለው ሰው ነው። አጎቱ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነለት ወጣት ጠባዩ እንደ ምንም ቢሆን ዋስ ያገኛል። እናቱ እንጀራ እየሸጠች ያሳደገችው ወጣት ግን ጠባዩ የተመሰገነ ቢሆንም ዋስ ሊያጣ ይችላል። ዋስ ማጣት የድኅነት ምልክት እንጂ የክፉ ጠባይ ምልክት አይደለም። አጣሪው ዋስ ያላገኘውን ሰው «የሚያምነው የለም» ብሎ ቢተረጉመው ስለ ኪስ የተጠየቀውን ጥያቄ ስለ ልብ እንደ ተሰጠ መልስ ቆጠረው ማለት ነው።

5. ካዛንቺስ ምን ያስተምራል?

የካዛንቺስ ስም የመጣው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው የጣሊያን ድርጅት ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ከሠፈሩ አጠገብ ስለሚገኙ፤ ካዛንቺስ ከአንድ ወገን የዲፕሎማቶችና የሆቴሎች፤ ከሌላው ወገን ጠባብ የቀበሌ ቤቶች የተያያዙበት የድኃ ሠፈር ሆኖ ኖሯል። በእነዚህ ቤቶች አንዱ ግቢ የብዙ ቤተ ሰብ ነበር። ውኃው፣ መጸዳጃው፣ የልብስ ማስጫው የጋራ ስለ ሆነ ማን ጠጥቶ እንደሚገባ፣ ማን እናቱን እንደሚጦር፣ ማን የተጣላን እንደሚያስታርቅ ሳይታወቅ አይውልም ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት እዚህ የዕለት ኑሮ ነበር።

ይህን ዕውቀት ከሚጠብቁት ነገሮች ዋናው ዕድር ነው። የዕድር መዝገብ የአባሉን ስም፣ የገባበትን ጊዜና መዋጮውን ይይዛል። ከዚህ በላይ ግን የዕድሩ ዳኛና ጸሐፊ ማን ድንኳን ለመትከል ቀድሞ እንደሚመጣ፣ ማን የተሰበሰበውን ገንዘብ ሳያጎድል እንደሚያስረክብ ያውቃሉ። ፖሊስ ሊሆን ለሚያመለክት ሰው ከዚህ የበለጠ የጠባይ ፈተና ማግኘት ያስቸግራል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የካዛንቺስ ብዙ ክፍል ፈረሰ። ነዋሪዎቹም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛወሩ። ስለ ልማቱ ጠቀሜታና ጉዳት መናገር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። እኛን የሚመለከተን በማጣራቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው።

ሰው ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ሲዛወር መሸኛ ይዞ ይሄዳል። መሸኛው ስሙን፣ የቀድሞ የቤት ቁጥሩንና የነዋሪነት ማኅደሩን ወደ አዲሱ ወረዳ ያሸጋግርለታል፤ ጠባዩን ግን አያሸጋግርለትም። በአዲሱ ሥፍራ «ይህን ልጅ ታውቀዋለህን?» ተብሎ የሚጠየቀው ጎረቤት የሚያውቀው ከጥቂት ወራት ወዲህ ነው። የቀድሞው ጎረቤት ደግሞ በከተማው ሌላ ጫፍ ይገኛል። አጣሪው ወደ ቀድሞው የቤት ቁጥር ቢሄድ የሚያገኘው መንገድ ወይም አዲስ ሕንጻ ነው። የባሰው ችግር የሚደርሰው በደባልነት ወይም በጥገኝነት ይኖር በነበረው ሰው ላይ ነው፤ ስሙ በቤቱ መዝገብ ላይ ላይኖር ስለሚችል፤ ቤቱ በፈረሰ ጊዜ እዚያ መኖሩን የሚያስረዳለት የሰው ትዝታ ብቻ ነው።

ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ከዚህ ችግር አንዱን ክፍል ያቃልላል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት የሚሰጠው ይህ መታወቂያ የጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና የፊት ምስልን መዝግቦ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ሰው ሠፈር በለወጠ ጊዜ አይለወጥም፤ ስለዚህ «ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከቀበሌ መታወቂያ የተሻለ መልስ አለው። ነገር ግን «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብንለው ፋይዳ ከአሻራው የበለጠ የሚነግረን የለም። የቀድሞው የቀበሌ ደብዳቤ ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ፊርማ ለመመለስ ይሞክር ነበር። አሁን የመጀመሪያው በመኪና ይመለሳል፤ ሁለተኛው ግን መላሽ እየጠፋለት ነው።

6. ስለ መሰየም

ከወንጀል መዝገብ ጋር የተያያዘ፤ ግን በዕጩዎች ዘንድ እምብዛም ሲነሣ የማይሰማ አንድ የሕግ ክፍል አለ። ይኸውም መሰየም ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የነበረ ሲሆን፤ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወንጀል ሕግም ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ይገኛል።

ቅጣቱን የፈጸመ ሰው የተወሰነ ጊዜ ካለፈ በኋላ እንዲሰየም ለፍርድ ቤት ሊያመለክት ይችላል። ቅጣቱ ጽኑ እሥራት የነበረ እንደ ሆነ 5 ዓመት፤ በቀላል እሥራትና በመሳሰለው 2 ዓመት ማለፍ አለበት። በዚህም ጊዜ ውስጥ ጠባዩ የታረመ መሆን አለበት፤ ለተበዳዩ የሚገባውን ካሣ አቅሙ በፈቀደ መጠን የከፈለ መሆንም ይጠበቅበታል። ፍርድ ቤቱ ከሰየመው የተሻረበት መብት ይመለስለታል፤ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያም አልፎ በክፋት ተነሣሥቶ ያንን የቆየ ፍርድ እያነሣ የሚነቅፈው ሰው በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል።

የዚህን ጥቅም በምሳሌ እንመልከት። በሕጉ መሠረት ከ15 ዓመት በላይ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው በመደበኛው የወንጀል ሕግ ይዳኛል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። አንድ የቂርቆስ ልጅ በ17 ዓመቱ በጠብ ሰው መትቶ 6 ወር ቀላል እሥራት ተፈረደበት እንበል። ከእሥር ሲወጣ 17 ዓመት ተኩል ይሆነዋል። 2 ዓመት በመልካም ጠባይ ከኖረና ካሣውን ከከፈለ በ19 ዓመት ተኩሉ እንዲሰየም ማመልከት ይችላል። በ20 ዓመቱ ለፖሊስ ሲያመለክት መዝገቡ ባዶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሕጉን የማያውቀው ጓደኛው ግን ያንኑ ጥፋት አጥፍቶ፣ ያንኑ ቅጣት ቀጥቶ፣ ያንኑ ያህል ዘመን በሰላም ኖሮ በአሻራው ይወድቃል። የሁለቱ ልዩነት ከጠባይ የመጣ አይደለም፤ አንዱ ለፍርድ ቤት ማመልከቻ ስለ ጻፈና ሌላው ስላልጻፈ ብቻ ነው።

7. በሌላ አገር እንዴት ነው?

የእንግሊዝ ሕግ በዚህ ረገድ ከእኛ ይለያል። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የቆየ ፍርድ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንዳይነሣ ይደነግጋል፤ ነገር ግን በተከታዩ ዓመት የወጣው ትእዛዝ የፖሊስን ሥራ ከዚህ ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ የእንግሊዝ የፖሊስ ዕጩ የቆየ ፍርዱን መግለጽ አለበት። በእኛ የወንጀል ሕግ የመሰየም ድንጋጌዎች ውስጥ ስለ ፖሊስ ዕጩ ተለይቶ የተነገረ ነገር የለም። ለሕዝብ ደኅንነት የእንግሊዙ ይበልጣል የሚል ይኖራል፤ ሰው የሚታረም ፍጡር ነው ለሚለው እምነት ደግሞ የእኛው ይቀርባል። ክርክሩ የሕግ ተማሪዎች ሊገፉበት የሚገባ ነው።

በአሜሪካ ለጸጥታ ነክ የፌዴራል ሥራዎች ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው ባለ ቁጥር 86 መጠይቅ አመልካቹ እስከ 10 ዓመት ወደ ኋላ የኖረበትን ሥፍራ ሁሉና በደንብ የሚያውቁትን ሰዎች እንዲጽፍ ያዝዛል። መርማሪውም ሰዎቹ ወዳሉበት ሄዶ ይጠይቃል። ለእኛ ጠቃሚ የሆነው አሳብ ይህ ነው፤ ማጣራቱ የሚከተለው ቤቱን ሳይሆን ሰዎቹን ነው። የዚያው አገር የፌዴራል ሠራተኞች ደንብ ደግሞ አጣሪው ጥፋት ባገኘ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የጥፋቱን ክብደት፣ ያለፈውን ጊዜ፣ አመልካቹ በዚያን ጊዜ የነበረውን ዕድሜ፣ በዙሪያው የነበረውን የኑሮ ሁኔታና የመታረሙን ምልክት እንዲመዝን ያመለክታል። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የግል መዝገብ ሕግም፤ ከአንዳንድ ገደብ ጋር፤ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዲያይ መብት ይሰጠዋል።

በእኛም አገር የዚህ መሠረት አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ የሚሰበስብና የሚይዝ አካል ሊከተለው የሚገባውን ሥርዓት አውጥቷል።

8. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው በመነሣት 4 አሳቦችን ለአንባቢዎቻችን ፍርድ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ሦስቱ ጥያቄዎች በማኅደሩ ላይ ተለይተው ይጻፉ። መታወቂያው ስለ ማንነት፣ አሻራው ስለ ፍርድ፣ ዋሱ ስለ ገንዘብ፣ ምስክሩ ስለ ጠባይ እንጂ አንዱ ስለ ሌላው አይጠየቅ።

ሁለተኛ፤ ሠፈሩ የፈረሰበት ዕጩ የጠባይ ምስክሮቹን ዛሬ ካለበት ወረዳ ብቻ እንዲያመጣ አይገደድ። የቀድሞ መምህሩ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ አሠሪው፣ የግቢው ጎረቤት የትም ቢሆኑ ይጠየቁ። ምስክሩም «መልካም ልጅ ነው» ከማለት ይልቅ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚያውቀውና በዓይኑ ያየውን እንዲናገር ይደረግ። በክፉ የሚመሰክረውም እንደዚሁ ያየውን ይናገር፤ የቀይ ሽብሩን ዘመን ጥቆማ የምንፈራው ማስረጃ ያልተጠየቀበት ቃል ስለ ነበረ ነው።

ሦስተኛ፤ በጠባዩ ወይም በመዝገቡ ምክንያት የተጣለ ዕጩ ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረው፤ መልስ ለመስጠትም ጊዜ ይሰጠው። ምስክሩን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ቢኖር የምስክሩ ስም ይሸሸግ እንጂ የነቀፋው ፍሬ ነገር አይሸሸግ።

አራተኛ፤ «ከወንጀል ነፃ የሆነ» የሚለው ቃል በማስታወቂያ ላይ በወጣ ቁጥር ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመር፤ ቅጣቱን ፈጽሞ በፍርድ ቤት የተሰየመ ሰው እንደ ነፃ የሚቆጠር መሆኑ ይገለጽ። ለአንዱ መስመር የሚወጣው ወጪ ኢምንት ነው፤ ለቂርቆሱ ልጅ ግን በሩ ለዘለዓለም እንዳልተዘጋበት የሚያውቅበት መንገድ እርሱ ነው።

ይህ ጉዳይ ገና ብዙ ጥናት ይፈልጋል። በተለይ ከካዛንቺስ የተዛወሩት ዕድሮች በአዲሱ ሥፍራ እንዴት እንደ ቀጠሉ፣ መዝገባቸውን ማን እንደ ያዘ፣ አባሎቻቸው በርቀት እየተፈላለጉ ይሁን ወይም ተበትነው ይቅሩ የሚያጠና የማኅበራዊ ኑሮ ተማሪ ቢገኝ ውጤቱ ለፖሊስ ምልመላ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ሌላ ጉዳይ ይጠቅማል። የዕድሮቹ ዳኞችና ጸሐፊዎች በአብዛኛው ሽማግሎች ስለ ሆኑ ሥራው ባይዘገይ መልካም ነው። እነርሱ በሕይወት ሳሉ የሚጠየቀው ነገር ከእነርሱ በኋላ ከየትም መዝገብ አይገኝም።